ያልገለጥኩት ገጽ

እህቴና ባሏ ጫጉላቸውን በእግር እየተጓዙ ሊያሳልፉ መወሰናቸውን በነገሩን ቀን እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «አውቶቡስ ጠፋ እንዴ?» ብላ ነው።

አልጠፋም። የእህቴ ባል የጂኦግራፊ መምህር ነው። እኔንም ስምንተኛ ክፍል አስተምሮኛልና ዛሬም «ጋሼ» ከማለት አልወጣሁም፤ እህቴን እታለም፣ እሱን ጋሼ ነው የምላቸው። ኩየራ ሲያድግ አባቱ አንድ ጊዜ ላንጋኖ ይዞት ሄዶ፣ ትልልቅ ቦርሳ ጀርባቸው ላይ ያዘሉ ፈረንጅ ባልና ሚስት ውሃውን ዳር ዳሩን ሲሄዱ አይቷል። ሴትየዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትስቅ ነበር አሉ። ይቺን ሴትዮ ክፍል ውስጥ ሳይቀር አጫውቶናል። ሰሌዳ ላይ የቀይ ባሕርን ዳርቻ በአንድ ትንፋሽ ይስለዋል፤ ባሕር ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በዚያ በደርግ ዘመን ጦርነት ምጽዋ ለሽርሽር የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ «ከመቂ እስከ ዝዋይ ያለው የሐይቅ ዳር ይበቃናል፤ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው» አለ። እታለምም ያቺ የምትስቅ ሴትዮ ሳታስቀናት አልቀረችም፤ እሺ አለች።

እኔን የጨመረችኝ እናቴ ናት። ወንድና ሴት ብቻቸውን በዱር ሲሄዱ ያየ ሰው ምን ይላል፣ ልጅ ካለች ግን ዘመድ ጥየቃ ይመስላል አለች። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነበር፤ ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመቱ ተዘግቶ ነበር፤ ከደስታዬ ብዛት ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

ቦርሳዎቹን ናዝሬት ገበያ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ የመኪና ሸራ ሰፋልን። ሦስቱም ካኪ ናቸው። እታለም መስታወት ፊት ቆማ ስትለካው «ጓድ መምህር፣ ወደ ጫጉላ ነው ወደ ግንባር?» አለችው፤ ሁላችንም ሳቅን። ስቀን ዝም። በዚያን ጊዜ ጀርባው ላይ ካኪ ቦርሳ አዝሎ በቁጥቋጦ ውስጥ የሚሄድ ሰው ለገጠር ሚሊሺያ ምን እንደሚመስል ከመካከላችን አንድም ሰው አላሰበም።

ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር፤ ያ ግን የኔ ጥፋት ነው። እሱን ለመናገር ወደ ሰርጋቸው መመለስ አለብኝ።

ሰርጋቸው ድንኳን የለው፣ ጭፈራ የለው። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር አክስቴ ሳሎን ውስጥ ነው የተጋቡት። መሰብሰብ ያስጠረጥራልና ለጎረቤት «አክስቴ ታማለች» ተባለ። እንግዶቹ በዘንቢል ብርቱካን እየያዙ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ። የእታለም ቬሎ በጤፍ ከረጢት ተጠቅልሎ መጣ። መጋረጃው ተዘጋ፣ ሬዲዮኑ ጮክ ተደርጎ ተከፈተ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ተዘመረ። አክስቴ ራሷን በሻሽ አስራ ጓዳ ተኝታ ነበር፤ በማግስቱ እውነት የመሰላቸው ጎረቤቶች አጥሚት ይዘው ሲጎርፉ ሳምንት ሙሉ መታመም ግድ ሆነባት።

ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ። የአማርኛ መምህራችን አንድ ድርሰቴን ክፍሉ ፊት ካነበበልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሎ ነበር። ማን እንደ ጸለየ፣ ማን በር እንደ ጠበቀ፣ ማን ስንት ብርቱካን እንዳመጣ፣ ሁሉንም በየስሙ። የአክስቴን የቤት ቁጥር ሳይቀር። ጥሩ ጸሐፊ ዝርዝር አይዘልም ብዬ ነው። እታለም ከመነሳታችን በፊት «ያን ደብተርሽን እዚሁ ትተሽው ትሄጃለሽ» አለችኝ፣ እኔም እሺ አልኩ፣ ከዚያ በሹራቤ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ታች ከተትኩት።

የመጀመሪያው ቀን እንዳሰብነው ሆነልን። ከመቂ ወጥተን ሐይቁ ዳር ስንደርስ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመው እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ገላመጡን። እታለም ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ ጋሼ ዞር ብሎ ሲያያት ፊቱ ላይ ያየሁትን ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ከሰዓት በኋላ ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ አጉረመረመ። ጋሼ ሮጠ። ብቻውን። ሚስቱን ትቶ፣ ቦርሳውን ጥሎ፣ አንድ ግራር ሥር ደርሶ ነው ማግባቱ ትዝ ያለው። ተመልሶ መጣና መጀመሪያ ያነሳው ቦርሳውን ነው። እታለም እስኪመሽ አላናገረችውም። አንድ ዓሣ አጥማጅ ቤት ስናድር ለባለቤቲቱ አንድ በአንድ ነገረቻት፣ ሴትዮዋ በሳቅ ሞተች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሚሊሺያው ያዘን።

ከእርሻ መካከል ብቅ ሲል ያየሁት ባርኔጣውን ነው፣ ከዚያ ምኒሽር ጠመንጃውን። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ቦርሳዎቹን አየ፣ እኛን አየ፣ እንደገና ቦርሳዎቹን አየ። «አካም ጅርቱ» አልነው በአንድነት፤ ሰላምታውን በጥሞና መለሰና ከፊቱ እንድንቀድም በአፈሙዙ አመለከተን።

የገበሬ ማኅበሩ ዳስ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ነበር። መሬት ላይ አስቀመጠን። ሊቀመንበሩ ገበያ ሄዷል፣ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ አለ። ጋሼ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈለትን የይለፍ ወረቀት ሰጠው። ሰውዬው ወዲያው አላነበበውም። መጀመሪያ ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ አሳየን፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቱ ነው። ማንበብ እንደሚችል እንድናውቅለት ነው። ከዚያ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያሳለፈ የጋሼን ወረቀት ጨረሰው። የእታለምን መታወቂያም ተቀበለ፤ እሱ ላይ ግን ጣቱ ቆመ።

«ያ…ላ…ገ…ባ…ች» አለ። ቀና ብሎ ጋሼን አየው። «ሚስቴ ናት አላልክም?»

ጋሼ ገና አዲስ ተጋቢ ነን፣ መታወቂያው አልተቀየረም አለ። የት ተጋባችሁ፣ ወረቀቱስ የታለ ሲለው ላቡ በግንባሩ ወረደ። ጋብቻውን ለማስመዝገብ ቀበሌ ቢሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ያልሄዱትም ለዚህ ነው። ጋሼ መዋሸት አያውቅም። እታለም ቀደም ብላ «ባሌ ባይሆን ኖሮ ትናንት ለጉማሬ ትቶኝ ሲሮጥ ሌላ ባል አገኝ ነበር» አለች። ጋሼ ተናዶ «አንቺ ደግሞ፣ ይሄ አሁን የሚነሳ ነው?» አላት። «ቦርሳህን ነው ያነሳኸው» አለችው። ሰውዬው አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየ ጢሙን አሻሸ።

ከዚያ ቦርሳዎቹን መበርበር ጀመረ። ጨው፣ ድስት፣ ብርድ ልብስ። የኔን ከፈተ። ሹራቤን ዘረጋው፤ ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ዱብ አለ።

እታለም አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷ ነጣ። እዚያ ውስጥ አክስቴ አለች። ያጋቧቸው ሽማግሌ አሉ፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ታስረው የተፈቱ ሰው ናቸው። ሃያ ስድስት ሰው በየስሙ አለ።

ሰውዬው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠና ጣቱን ጣለበት። «የ… አ… ክ…» አለ። እዚያ ላይ የተጻፈው «የአክስቴ ሳሎን መጋረጃ ተዘግቶ ነበር» የሚል ነው። ጣቱ ወደ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ዓይኑን አጠበበ። እኔ ስቸኩል ፊደሌ ይተኛል።

«ኢንተላ፣ ነይ» አለኝ፤ ልጅት ማለቱ ነው። «እኔ የተማርኩት ቆሞ የሚጠብቅ ፊደል ነው። ያንቺ ይሮጣል። አንብቢልኝ። ምን እንደሚል ለሊቀመንበሩ መናገር አለብኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደብተሩን ጉልበታችን ላይ ዘረጋው። ጣቴን «የአክስቴ» ላይ አደረግኩና «ትናንት ሐይቁ ዳር ስንደርስ ውሃው ገና ከእንቅልፉ አልነቃም ነበር» ብዬ አነበብኩ።

ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም። ስለ አባ ኮዳዎቹ «አነበብኩ»። ደንገሉ ነፋስ ሲነካው እንዴት እንደሚያወራ አነበብኩ። ጋሼ የሮጠበት ላይ ስደርስ ሰውዬው ጠመንጃውን ግራሩ ላይ አስደግፎ ይስቅ ጀመር፣ እኔም እየደፈርኩ ሄድኩ። ግራሩን አረዘምኩት፣ ጋሼንም ሊወጣበት እንዲሞክር አደረግኩት። ጉማሬውን አወፈርኩት። እውነት እላችኋለሁ፣ ፍርሃቴ ሳይለቀኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ የአንዱን እጅ ይዞ ይመጣል፣ ሰውዬው አፌን ያያል፣ ጋሼ መሬት መሬቱን ያያል። ዓሣ አጥማጁ ቤት ድረስ ሄድኩ፣ ባለቤቲቱ በምን እንደ ሳቀች፣ ሳህኑ ላይ የነበረው ቆሮሶ ዓሣ ስንት እንደ ነበር።

ሰውዬው መሳቁን አቆመ።

«ገጹን አልገለጥሽም» አለ ቀስ ብሎ።

ጣቴን አየሁት። የመጨረሻው መስመር መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ ከቆመ ቆይቷል።

«ሲያስተምሩን፣ መስመር ሲያልቅ ጣት ይወርዳል፣ ገጽ ሲያልቅ ይገለጣል ብለውናል» አለ። ድምፁን ዝቅ ያደረገው ሌሎቹ እንዳይሰሙ ይመስለኛል። «ይህን ሁሉ ከአንድ ገጽ አወጣሽው?»

እታለም ተነስታ መጣች፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ጋሼ ከኋላ «ደብተሩ የኔ ነው» አለ። የመጀመሪያ ውሸቱ ነበር፤ ማንም አላመነውም። ሰውዬው ሦስታችንንም በየተራ አየ። ደብተሩን ዘጋው፣ ግን አልመለሰልኝም። ክንዱ ሥር ሸጎጠው።

በዚህ መሃል የጋሪ ድምፅ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ዘለው ወረዱ፤ ደረታቸው ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰኩ፣ ንቁ ሰው ናቸው። ወረቀቶቹን በአንድ እይታ ጨረሱ። የጋሼ ላይ ማኅተም አለ። የእታለም ላይ ግን እሳቸውም ቆሙ። ባልና ሚስት ናቸው? ብለው ሚሊሺያውን ጠየቁት።

«ሲጣሉ ሰምቻቸዋለሁ» አለ።

«ደብተሩስ?»

«የተማሪ ነው። አንብቤዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ሳቁበት። «አንተ? ይህን ሁሉ? ባለፈው የማዳበሪያውን ከረጢት ገልብጠህ ይዘህ አልነበር ወይ?»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። እጁ ወደ ምስክር ወረቀቱ ኪስ ሄደ። ሊቀመንበሩ መዳፋቸውን ለደብተሩ ዘረጉ። እኔ የማስበው ጓዳ ውስጥ ሻሽ አስራ የተኛችውን አክስቴን ነበር።

«ስለ ጉማሬ ነው» አለ ሚሊሺያው። «መምህሩ ሚስቱን ትቶ ሮጠ ይላል። ግራር ላይ ሊወጣ ሞከረ፣ እሾህ ወጋው ይላል። ከዚያ ተመልሶ ቦርሳውን አነሳ። በዓሣ አጥማጁ ቤት አራት ቆሮሶ በሉ።» ይህን እየተናገረ ደብተሩን ከክንዱ ሥር አውጥቶ በተዘረጋው መዳፍ አጠገብ አሳልፎ ለኔ ሰጠኝ። «እንቺ፣ ያዢ። ቀጥ አድርገሽ መጻፍ ልመጂ።»

ሊቀመንበሩ ጋሼን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እውነት ቦርሳውን ነው ያነሳኸው?» አሉ። ጋሼ አዎ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ እውነት መናገር ጠቀመው። ሊቀመንበሩ እስኪያስላቸው ሳቁና፣ እነዚህን ካኪ ነገሮች ጀርባችሁ ላይ እንዳላይ፣ በእጃችሁ ያዙ፣ ከመምሸቱ በፊት ዝዋይ ግቡ አሉን።

ሚሊሺያው እስከ እርሻው ጫፍ ሸኘን። እዚያ ቆም ብሎ ስሙን ነገረኝ። ስለዚህ ቀን ስትጽፊ እኔንም አግቢኝ አለ፤ ጋሼ ግራር ላይ ሊወጣ መሞከሩን ግን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። ፈጠርኩት አልኩ። «እሾሁን እኔ ጨመርኩ» አለ።

ቦርሳችንን እንደ ማገዶ ታቅፈን ሐይቁ ዳር ደረስን። እታለም ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ጋሼ ከአንድ አጥማጅ ቆሮሶ ገዛ፣ ሦስት ድንጋይ ጎለተ፣ ድስቱን አወጣ፣ ክብሪቱን ለኔ ሰጠኝ። ምን እንዳሰበ ገባኝ። ደብተሩ ሠላሳ ስምንት ገጽ ነበር። አንድ በአንድ እየቀደድኩ እሳቱ ውስጥ ከተትኩት፤ የብርቱካኖቹ ገጽ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ወረቀት ቶሎ ነው የሚነደው፤ ቆሮሶው ግማሹ ጥሬ ሆኖ በላነው። ያኔ ነው እታለም «ግራር ላይ ሊወጣ ሞከረ?» ብላ መሳቅ የጀመረችው፤ ጫማዋን አውልቃ ጎኗ አስቀምጣ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጋሼ አየት አደረጋትና ዓሣውን ወደሷ ገፋላት።

አሁን ሁሉንም እንደገና ጽፌዋለሁ፤ ፊደሌም ቀጥ ብሏል። ሰዎቹ አሉ፣ ቤቱ አለ፣ ብርቱካኑ አለ፤ ስምና የቤት ቁጥር ብቻ የለም። ሚሊሺያው ስሙን እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ፣ ፊደል በፊደል እየለየ ነው የነገረኝ። እሱንም አልጻፍኩትም።