ለእትዬ በለጡ ያቀበልኩት ቡና

ይኼ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ስለ ጠጁና ስለ ስድቡ ዘርዝሬ፣ ይኼን ዋጥ አድርጌ ነው የወጣሁት። አሁን ለናንተ እናገራለሁ። ግን "ልጅ ነበርክ" እንዳትሉኝ። ልጅ አልነበርኩም፤ አውቄ ነው ያደረግኩት።

እትዬ በለጡ፣ ከገጠር፣ ከኖፓ ለትምህርት መቱ ስመጣ ቤታቸው ያስጠጉኝ ሴት ናቸው። ትምህርቱን ከአምስተኛ ጥዬ ስወጣም "ውጣልኝ" አላሉም። ከልጃቸው ከአስካለ ጋር ከአንድ ትሪ አበሉኝ። በኋላ ልባቸው ታመመ፤ መርፌ የሚወጋቸው ድሬሰሩ ኦቦ ዲንሳ ቡና ከለከላቸው። ቡና የተከለከለ የመቱ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ።

እኔ ደግሞ የምሠራው የግሪኩ የሙሴ ያኒ ቡና መጋዘን ነበር። እሱ አዘነላቸውና ልብ የማያስመታ ቡና ከውጭ አስመጣላቸው።

"የት የበቀለ ነው?" አልኩት።

"እዚሁ፣ የናንተ ጫካ! በጋምቤላ በጀልባ ወጣ፣ ታጥቦ መጣ።"

ጥሬውን በእንፋሎት ያሳብጡታል አለኝ። ከዚያ ልብ የሚያስመታውን ነገር ብቻ መዝዞ በሚያወጣ መድኃኒት ደጋግመው ያጥቡታል፣ መድኃኒቱንም መልሰው በእንፋሎት ያባርሩታል፣ ያደርቁታል። ፍሬውን አየሁት፤ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ የዛገ መስሏል።

"የኛን ቡና ነፍሱን አውጥታችሁ ሬሳውን ላካችሁልን?"

ሳቀብኝ። "አንተ ማፍላት እንጂ ማጠብ የት ታውቃለህ? ከረጢቱን አድርስ፣ ምላስህን እዚሁ ተወው።"

አደረስኩ። እትዬ እየጠጡ ያሙታል፤ "ገለባ ገለባ ይላል" ይላሉ። ግን ተኙ። ልባቸውም ረጋ። ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልብ በሉልኝ! አላየሁም አልልም።

ቢሆንም የግሪኩ ሳቅ አልወጣልኝ አለ። ሁለተኛውን ከረጢት ስቀበል ቀጥታ ሶር ወንዝ ወርጄ ዘረገፍኩት። የጫካ ቡና ሞላሁበት። ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩትና "ያው እኔም አጠብኩት" አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው! የዘፈዘፍኩት መልኩ እንዲደበዝዝ ነው። እኔ ዘፈዘፍኩ፣ እኔ አደረቅኩ፣ እኔ በሁለት እጄ አቀበልኳቸው።

"ውይ! የሙሴ ቡና ዛሬ ገና ቡና ሆነ!" አሉ። "አስካለ፣ ድገሚኝ!"

ደስ አለኝ። መስቀል ለት ግሪኩ ቤታቸው ሊጋበዝ ይመጣል፤ እትዬ ቡናውን አወድሰውለት ሲጨርሱ "የኛው ነው፣ ያልታጠበው!" ብዬ ሰው ፊት ላዋርደው አሰብኩ። ለዚህች ቀን ብዬ ከረጢቱ ባለቀ ቁጥር ሞላሁት።

ልባቸው እንደገና ተነሳ። እግራቸው አበጠ። ኦቦ ዲንሳ መጥቶ እጃቸውን ያዘና "እትዬ፣ ቡና ጀምረዋል እንዴ?" አላቸው።

"ኧረ ያን የታጠበውን ብቻ! የሚያመጣልኝ ይኼው፣ ጠይቀው።"

ዞረብኝ። "ዱጋ?" አለኝ፤ እውነት ነው?

አፌ ለሁሉ ይፈጥናል፤ ለግሪክ፣ ለመምህር፣ ለጭቃ ሹም። ያን ቀን ከዚህ አፍ የወጣው ግን "ዱጋ" ነው። ኦቦ ዲንሳም በሽታው ራሱ ብሷል ብሎ ቡናውን ተወውና መርፌውን ቀየረ። እትዬም መጠጣታቸውን ቀጠሉ። መስቀል ሳይደርስ ሞቱ።

ለቅሶው ላይ ሰዎቹ ምን አሉኝ መሰላችሁ? "የወለዱት እንኳ እንዲህ አያገለግልም" አሉኝ። ሙሴ ያኒም ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። አቀፍኩት! ግሪኩ ሰደበኝና ነው ልበል? የሱ ስድብ እትዬን ምን አደረጋቸው? ለአገሬ ቡና ተቆጥቼ ነው ልበል? አገሬ መቼ ላከችኝ? በሽታው ቀድሞም ነበረባቸው ልበል? እሱማ ስለነበረባቸው ነው ቡናው የታጠበው!

አስካለ እስካሁን "ወንድሜ" ትለኛለች። ፍርፍር ደብቃ ታቆይልኛለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሯ ላይ ቆሜ እነግራታለሁ። ትጩህ፣ ጎረቤት ትጥራ፣ ድንጋይ ታንሳ፤ አልሮጥም። እናንተም ይቅር እንድትሉኝ አልነገርኳችሁም፣ የሞተችው የናንተ እናት አይደለችም። አስካለ ራሷ "ይቅር ብዬሃለሁ" ብትል ግን አፏን እይዛታለሁ።