ሁለተኛዋ ኮማ

ሥራዬን ለአባቴ ማስረዳት ከሥራው ይበልጥ ይከብደኝ ነበር። ሲ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጠቀምበት መደበኛ ላይብረሪ፣ ማለትም አስቀድሞ የተጻፈ የኮድ ስብስብ፣ አለ። እኔ ሶዶ ቁጭ ብዬ፣ ይህ ላይብረሪ ቁጥር ሲያትም እንደየአገሩ አጻጻፍ ኮማውንና ነጥቡን በቦታቸው ማስቀመጡን እፈትናለሁ። አንዱ አገር ሺህን በኮማ ይለያል፣ ሌላው በነጥብ። ጉኑኖ የሚኖረው አባቴ ዕድሜ ልኩን ሂሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ "እሺ፣ ሥራሽስ?" ይለኛል። ሲያናድደኝ!

አንድ ቅዳሜ ቆረጥኩ። ሰኞ ለላይብረሪው አዘጋጆች የምልከውን የእኛን አገር አጻጻፍ ፈተና በወረቀት አትሜ ይዤለት ሄድኩ። በግራ ቁጥሩ፣ በቀኝ ትክክለኛው መልስ አለ፤ በላይብረሪው የሚሠራው ፕሮግራም የሚያትመው ከቀኙ ካልገጠመ ወደቀ ማለት ነው። አባቴ አቮካዶው ሥር ተቀምጦ መነጽሩን አደረገ፤ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። ማን እረምልኝ አለው? የሄድኩት እንዲያደንቅልኝ ነበር።

ራይት እያደረገ ወረደ። እኔም እናቴ የቀቀለችውን ጎደሬ እየላጥኩ ደረቴን ነፋሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እጁ ቆመ። ቤታችን የሚወራው በወላይትኛ ነው፤ አባቴ ወደ አማርኛ ከተሻገረ ግን ክፍል ገብቷል ማለት ነው።

"999,999.7 ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጋ ስንት ይመጣል?"

"አንድ ሚሊዮን።"

"ሚሊዮን ስንት ኮማ አለው?"

"ሁለት።"

"እዚህ አንድ ነው ያለው።"

እውነቱን ነው፤ 1000,000 ይላል። ፕሮግራሙ ኮማዎቹን የቆጠረው ቁጥሩን ሳያጠጋጋ ነበር፤ አጠጋግቶ ሲጨርስ አንድ አኃዝ መጨመሩን አላየም።

"ይሄን መልስ ከየት አመጣሽው?"

ዝርዝሩ ሲረዝምብኝ ሰንፌ፣ ፕሮግራሙ ያተመውን ገልብጬ ትክክለኛ መልስ ብዬ አስገብቼው ነበር። እንደዚያው ብልከው ኖሮ ስህተቱ በየጊዜው እየተፈተነ በየጊዜው ያልፍ ነበር።

"ከራሱ ከፕሮግራሙ" አልኩት።

"ከተፈታኙ ኮርጀሽ ተፈታኙን አረምሽ?"

ሳቁ እናቴን ከጓሮ ጠርቶ አመጣት። እኔም ልናደድ ጀምሬ መሃል ላይ ሳቅ አሸነፈኝ። ተሳስቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ላስረዳው ያቃተኝን ሥራ ራሱ እየሠራው ነበር! ወረቀቱ ራስጌ ላይ ዘጠኝ ከአስር ጻፈ። አንዷን የቀነሰው ለኩረጃዬ ነው።

ሰኞ የታረመውን ፈተና ከስህተቱ ሪፖርት ጋር ላክሁ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ላይብረሪው ተስተካከለ። ይህንን ልነግረው ጉኑኖ ስሄድ አባቴ አጥሩ ሥር ከጎረቤቱ ጋር ቆሟል። ጎረቤቱ ልጅህ ሶዶ ምን እየሠራች ነው አለው። አባቴ መድረሴን አላየም።

"ፈታኝ ናት" አለ አባቴ። "እኔ አርምላታለሁ።"