ሰባት ወይስ ስምንት

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የቀረውን ከመዝገበ ቃላትና በምሠራበት ፋብሪካ ከሚጣሉ አሮጌ ጋዜጦች ለቃቀምኩት። ንፋስ ስልክ ሠፈራችን ውስጥ የእንግሊዝኛ ቅጽ የሚሞላው ሰው እኔ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ የተማረ ይሉኛል፤ እኔም አምናቸው ነበር።

በደርግ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ወደ አውሮፓ ሊሄድ ተነሣ። እዚያ የምትኖር የአክስታችን ልጅ የግብዣ ደብዳቤ ልካለት ነበር። ከብሔራዊ ውትድርና የሚያመልጥበት ሌላ ቀዳዳ አልነበረውም። የፓስፖርቱን ማመልከቻ ሞላሁለት። የተወለደው በጥር ነው፤ ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለመለወጥ በእኛ ዓመት ላይ ሰባት ደመርኩ። ከወራት በኋላ የኤምባሲውን ቅጽ ስሞላ ግን ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ወዲያ ለተወለደ ሰው ስምንት እንደሚደመር አውቄ ነበር። ስምንት ደመርኩ። ስለ ፓስፖርቱ፣ ማን ያመሳክረዋል ብዬ ዝም አልኩ።

ወንድሜ ከኤምባሲው እየሳቀ መጣ።

«ጋሼ፣ ሌላው ሰው ዓመት ሲጨመርለት ያረጃል፤ እኔ አንድ ብትጨምርልኝ ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ! ‹ከሁለቱ የትኛው ነህ?› ብለው መለሱኝ።»

«ተንተባትበህባቸው ይሆናል» አልኩት።

ሳቁን ተወ።

ፓስፖርቱን እንዳያሳርም የመውጫ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብሎ ፈራ። ሌላ የኤምባሲ ቅጽ አምጥቶ የፓስፖርቱን ዓመት እንድጽፍለት ለመነኝ። «በእጄ ውሸት አልጽፍም» ብዬ ገሠጽኩት።

«እንግዲያው አብረኸኝ ና። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ በላቸው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ሥራ አለብኝ።»

ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ብቻውን ሄደ። አጭበርባሪ ተብሎ፣ ሁለተኛ እንዳይመጣ ተነግሮት ተመለሰ።

ልጆቼን ውሸት አትናገሩ እያልኩ አሳድጌያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ያን ቀን ግን እውነት ብዬ የያዝኩት ኩራቴን ነበር።

ከሳምንት በኋላ በጭነት መኪና ወደ ጠረፍ ሄደ። ፓስፖርቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ነበር፤ ያ ዓመት የተጻፈበት ገጽ ተገልጦ። ድንበር ላይ አንድ ጊዜ እንደመለሱት ሹፌሩ ነገረን። እንደገና ሲሞክር ያየው ሰው የለም።

ጥር በመጣ ቁጥር ዕድሜውን ሁለት ጊዜ አሰላለሁ፤ በሰባትም በስምንትም። በር ሲንኳኳ፣ የመጣው የትኛው ይሆን እላለሁ። ባለፈው ጥር ፓስፖርቱን ከሣጥን አውጥቼ የተሳሳተውን ዓመት በእስክሪብቶ ሰረዝኩ። ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፍኩ። ከሥሩ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩበት።

ቀለሙ እስኪደርቅ ገጹን ገልጬ ተቀመጥኩ።