ሽማግሌዎች ስለ አሰልጣኝ የተከራከሩበት ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብሎ የመጣ ሽማግሌ አይቀመጥም። ቆሞ ሰላም ይላል፣ ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፣ ተቀመጡ ቢባልም «መጀመሪያ የመጣንበትን ስሙን» ብሎ እንደቆመ ይቆያል። ይሄንን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም፤ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቢኖርም ያውቀዋል። የኔን ጉዳይ ይዘው የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ግን ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል ነበር።

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። አባቴ ከሳምንቱ ውስጥ ፊቱ የሚፈታው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፣ ያውም ከመስከረም እስከ ኅዳር። ደስ ሲለው ያግኙት ብዬ ነው።

አባቴ በሕይወቱ ያቺን ሞላላ ኳስ ይዟት አያውቅም። ወደዚህ አገር እንደመጣ የተቀጠረው አንድ የዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አጠገብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ጨዋታ ባለ ቁጥር ቢጫ ሰደርያ ለብሶ በእጁ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ሰዎቹ መኪናቸውን አቁመው እዚያው አስፋልቱ ላይ ሥጋ እየጠበሱ ሲከራከሩ ይሰማል። እንግሊዝኛ የተማረው ከነሱ ነው። ዛሬም ለሐኪም ሕመሙን ሲያስረዳ ሬዲዮ ላይ ጨዋታ የሚያስተላልፍ ሰው ይመስላል።

ኮንፈረንስ የሚሉት ነገር አለ፤ አሥር አሥራ ምናምን ዩኒቨርሲቲዎች ተቧድነው በየዓመቱ እርስ በርስ የሚጋጠሙበት። የኮንፈረንሱን አሰልጣኞች ሰዎቹ እንደ ነገሥታት ነው የሚቆጥሯቸው። ማን ከማን ቀጥሎ መጣ፣ ማን ዋንጫ አነሳ፣ ማን ከዳ። አባቴም ይሄንኑ ወረሰ። የኛ ሰው ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ ሲያይ እሱ ለብቻው ይሄንን ያያል፤ ለብቻውም ይከራከራል። በኮንፈረንሱ ታሪክ አንደኛው አሰልጣኝ ለሱ አንድ ሰው ነው። «ዝምተኛው» ይለዋል። ዝምተኛው አይጮኽም፣ ተጫዋች አይሳደብም፣ ጸጉሩ እስኪነጣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ ከዚያው ጡረታ ወጣ። ዋንጫው ብዙ አይደለም። «ግን ከዳ?» ይላል አባቴ። መልሱንም ራሱ ይመልሳል። «አልከዳም።»

እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሃይስኩል ጨርሼ ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ አነሳለሁ፤ ከሁለት እህቶቼ ጋር አንድ ክፍል እተኛለሁ። ሽማግሌ የላከብን ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ ከተዋወቅን ሁለት ዓመት አልፎናል። እሱንም፣ በሩ የሚዘጋ ክፍልም ፈልጌያለሁ። የቱን የበለጠ እንደፈለግኩ እንዳትጠይቁኝ። አባቴ እሺ ካላለ ግን አላደርገውም። ብዙ ነገር ሳላስፈቅደው አድርጌያለሁ፤ ይሄንን አልችልም።

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው የልጁ አጎት ናቸው፣ ሁለተኛው ከመስጊድ የሚያውቋቸው ሼኽ፣ ሦስተኛው ታክሲ ነጂ። ልጁ ከደሴ የመጣ ጊዜ ሶፋቸው ላይ ያሳደሩት፣ መንዳት ያስተማሩት ታክሲ ነጂው ናቸው። ንግግር ስለሚያውቁ ተናጋሪው እሳቸው ሆኑ።

እኔና እማዬ ኩሽና ውስጥ ሳምቡሳ ይዘን በሩን ገርበብ አድርገን ቆመናል። አባቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ። ምስሉን አላጠፋም።

ታክሲ ነጂው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ የተከበሩ ወንድማችን፣ የመጣነው ለከባድ ጉዳይ ነው። ከባድ ጉዳይ ደግሞ በቁም ነው የሚነገረው። እኛም...» ዐይናቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። «እኛም... እንዴ! ይሄንን ኳስ ሰው ይጥላል?»

«እጅ የለውም እኮ» አለ አባቴ።

«ተጫዋቹ ምን ያድርግ፣ አሰልጣኙ ነው። የድሮው ቢሆን እንዲህ ያለውን ሜዳ አያስገባውም።»

«የትኛው የድሮው?»

ታክሲ ነጂው ተቀመጡ። ሼኹ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ይሄንኑ ሲጠባበቁ ኖሮ ወዲያው ተከተሉ። አጎትየው ትንሽ ብቻቸውን ቆመው ቆዩና እሳቸውም ቁጭ አሉ። እማዬ ትሪውን አስቀምጣ ዐይኗን ጨፈነች።

«ይከታተላሉ እንዴ አንቱ?» አለ አባቴ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ።

«ሃያ ዓመት ከኤርፖርት ሰው ጭኜ ምን ላወራ ኖሯል? ስለ ዝናብ? የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከኋላ ወንበር ነው።»

«ታዲያ በዚህ ኮንፈረንስ ታሪክ አንደኛው ማነው?»

«ጯሂው ነዋ! ሌላ ማን አለ?»

ጯሂው ያሉት ሜዳው ዳር ቆሞ ሲጮህ ፊቱ በርበሬ የሚመስለውን ነው። ዋንጫ በዋንጫ ላይ ደርድሮ፣ የተሻለ ደመወዝ ሲጠሩለት ሌላ ዩኒቨርሲቲ የገባው።

«እሱማ ከሃዲ ነው» አለ አባቴ።

«ሥራ የቀየረ ሁሉ ከሃዲ ነው? እኔ ራሴ ሦስት ድርጅት ቀይሬያለሁ።»

«አንቱንስ አንደኛ ነዎት ያለ ማን አለ?»

«ይቅርታ» አሉ ሼኹ። «አሰልጣኝ የሚሉት ያ ጆሮው ላይ ነገር የሰካው ነው?»

«አዎ ሼኽ።»

«እሱ እኮ አይሮጥም፣ አይወድቅም። ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?»

በዚያ ቀን አባቴና ታክሲ ነጂው የተስማሙት አንዴ ብቻ ነው፤ ሼኹን በማስረዳት። ሁለቱም እየተቀባበሉ አስረዷቸው። አጎትየው ትንፋሽ ሲያገኙ «እንግዲህ ወደ ጉዳያችን...» ሲሉ አባቴ «አንዴ ይቆዩኝ» አላቸው። ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆዩ።

በመጨረሻ አባቴ ያለችውን አንድ ማስረጃ አወጣ። «ዝምተኛው መኪና ማቆሚያው ላይ ባለፈ ቁጥር ስሜን ጠርቶ ሰላም ይለኝ ነበር። ዝናብም ይሁን በረዶ። ያንን ጯሂ ማንን ሰላም ሲል አይተውታል?»

«ሰላምታ ዋንጫ አይሆንም፣ ወንድሜ።»

አባቴ ተነሣ። ባለቤት ከተነሣ እንግዳ መነሣቱ ነው፤ ሦስቱም ተነሡ። «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» አላቸው። «ጨዋታውም አልቋል።» አላለቀም፤ ከአራቱ ሩብ ሦስተኛው ላይ ነበር። ሼኹ ግራ ገብቷቸው በር ላይ ዱዓ አደረጉ። ስለምን እንደሆነ አልገለጹም።

ልጁ ታች ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ኮል አደረገኝ።

«እሺ፣ ምን አሉ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«አልጠየቁም።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?»

«በኮንፈረንሱ ታሪክ አንደኛው አሰልጣኝ ማነው ሲሉ።»

«ማነው አሉ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

እራት ላይ አባቴ፣ ያ ታክሲ ነጂ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንደማይገባ አስታወቀ። ልጁን ሌላ ሰው ተካ አልኩት። «እሳቸውን ካስቀረሁ እኔም እቀራለሁ» አለ። ትክክል ነበር፤ ያም የባሰ አናደደኝ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ሰው ሲያገባ በዘመድ ይጣሉበታል፣ በድግስ ይጣሉበታል፤ የኔን ጉዳይ የያዘው ሁለት አሜሪካዊ አሰልጣኝ ነው፣ አንዱም አያውቀኝም።

መቀመጥ አልችልም እኔ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ስካይላይን ሄድኩ፤ ታክሲ ነጂው እዚያ ሕንፃ ላይ ነው የሚኖሩት። ታች መኪናቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ዝምተኛው ይበልጣል ይበሉለት። አንድ ቃል ናት።»

ጨርቁን አጠፉት። «የኔ ልጅ፣ ስለ ልጁ የፈለግሽውን እዋሽልሻለሁ። ቁጣ አያውቅም እላለሁ። የሱብሒ ሶላት አያመልጠውም እላለሁ። ልብሱን ራሱ ያጥባል እላለሁ።»

«አያጥብም እንዴ?»

«እሱን አሁን ተይው። በዚህ ነገር ግን አልዋሽም። ተሳፋሪዎቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?»

ከሳቸው ተስፋ ቆርጬ ወደ አባቴ መጣሁ። ሕንፃችን ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የሥራ ሸሚዞቹን ያጥፋል። ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም፤ በቀጥታ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ሰዎቹ የመጡት እኔን ለመጠየቅ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ሦስት ሰው ቅዳሜ ቀን ከረባት አስሮ ስለ ኳስ ሊያወራ አይመጣም።»

«ታዲያ ለምን ተከራከርካቸው?»

የሸሚዙን ክንድ አጠፈ፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈ። «ሲቀመጡ ጊዜ ደስ አለኝ። ካልጠየቁ መመለስ የለብኝም ብዬ።»

«ያን ሁሉ ክርክር ሆነ ብለህ ነው?»

«ግማሹን። ግማሹ እውነቴን ነው። ጯሂው ከሃዲ ነው።»

ማድረቂያው ይዞራል። አባቴ እንድሄድ የማይፈልግ መሆኑን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ብወጣለት ደስ የሚለው ነበር የሚመስለኝ።

«ሲልቨር ስፕሪንግ እኮ ነው» አልኩት።

«ሌላ ስቴት ነው።»

«በቤልትዌይ መንገድ ግማሽ ሰዓት ነው።»

«ትራፊክ ከሌለ።»

«ትራፊክ ከሌለ» አልኩ።

የታጠፉትን ሸሚዞች ሰጠኝና ያልታጠፉትን ጀመረ። «ይምጡ» አለ። «ያም ሰውዬ ይምጣ። ቅዳሜ ብቻ እንዳይሆን።»

እሑድ መጡ። እማዬ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ጓዳ ደብቃዋለች። ሦስቱ እንደ ግድግዳ ቆሙ፤ ሼኹ ሶፋውን አንዴ አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። ታክሲ ነጂው አሳምረው ተናገሩ። የልጁን ዘር፣ ሥራውን፣ ጸባዩን ዘረዘሩ። ልብሱን ራሱ ያጥባል ሲሉ እኔ ኩሽና ውስጥ ሳቄን ዋጥኩ።

ወግ ነውና የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ዘመድ እንመካከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይላል፤ ሽማግሌ ይለምናል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ሁሉም የተዘጋጀው ለዚያ ነው።

አባቴ «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አጎትየው «ምን አሉ?» ብለው ሼኹን በሹክሹክታ ጠየቁ። ታክሲ ነጂው ግን ቀጠሉ። «ወንድማችን፣ ለዛሬ ቢያሰናብቱንም አይከፋንም፤ የልጅዎ ክብር ነው። እኛ ግን ደግመን ደጅዎን...»

«እሺ ብያለሁ እኮ።»

«ሰማሁ» አሉ ታክሲ ነጂው። «ግን ይቺን ንግግር ሁለት ሳምንት ሙሉ ነው የተዘጋጀሁባት።»

«እንግዲያውስ ይጨርሱ» አለ አባቴ።

ጨረሱ። አጭር አልነበረም። አባቴ እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እምቢ እንዳለ ሰው ሆኖ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። ሲጨርሱ እንደገና «እሺ» አለ፤ ያን ጊዜ ግን ፊቱን ወደ ኩሽናው አዙሮ ነው። እኔም ከበሩ ጀርባ ሆኜ «እሺ» አልኩት።