ሰላም ሳይሉ ማለፍ

ልጅ እያለሁ ጨው ግዥ ተብዬ ከተላክሁ ቶሎ መመለስ የሚባል ነገር አልነበረም። ሱቁ ቅርብ ነው፤ ሩቁ ሰላምታው ነበር። ከአራዳ ቁልቁል በሚወርደው በእኛ ሰፈር መንገድ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ነው የሚውለው። አያ ፈንታ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ፣ ከፊት ለፊቱ እትዬ ጥሩነሽ በርበሬና ኮረሪማዋን ዘርግታ ትቀመጣለች። በየደጁ ቆም፣ ጎንበስ ብሎ እንዴት ዋላችሁ ማለት ግድ ነው። እናትሽስ? አባትሽስ? ላሚቱ ወለደች? ሁሉም መልስ ይፈልጋል። ዘግይቼ ስገባ እናቴ ጨዉን ከአፋር ነው ወይ ያመጣሽው ትለኛለች። ሰላም ሳልል ካለፍኩ ደግሞ ያልተቀጣች ልጅ የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ቤት ይገባና ቁንጥጫው አይቀርልኝም። ከሁለቱ የጨዉ ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ግድግዳ ተደግፋ አገኘኋት። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀኗ ገና ነው ስንል ምጡ ድንገት መጣባት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ አባቴ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ነው የሚሠራው። ሩጭና አባትሽን ጥሪው አለችኝ። አሁን ሳስበው ጎረቤት መጥራት ይቀል ነበር፤ የተላከ ልጅ ግን የሚያውቀው የተላከበትን ብቻ ነው። ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። አያ ፈንታ በስሜ ሲጠራኝ ሰምቻለሁ፤ ዞር አላልኩም። እትዬ ጥሩነሽም ጠራችኝ። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት አስፋልቱ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ከኋላዬ የሆነውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። አያ ፈንታ ጨርቁን መርፌው ሥር እንደተወ ተነሣ አሉ።

«ይች ልጅ ሰላም ሳትል አታልፍም። ቤታቸው ደህና አይደለም» አለ።

እትዬ ጥሩነሽ በርበሬዋን ለአላፊ አግዳሚው ትታ ተከተለችው። እኔና አባቴ እየሮጥን ስንመለስ መንገድ ላይ አገኘናቸው። የሰፈሩ ጎረምሶች እናቴን ከነአልጋዋ ተሸክመው እየተቀባበሉ ይመጣሉ፤ አያ ፈንታ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከፊት መንገድ ያስለቅቃል። አባቴ ትከሻውን ከአልጋው ሥር አስገባ። ወንድሜ በዚያው ዕለት በሰላም ተወለደ። ሰው ስለደረሰልን ስሙ ደርሶ ተባለ።

ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል። አምሮበታል፣ አልዋሽም፤ ጭቃው ቀርቷል፣ መብራት ገብቷል። በረንዳዎቹ ግን ፈርሰዋል፤ በየቦታቸው መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። አያ ፈንታም እትዬ ጥሩነሽም በሕይወት የሉም፤ የቀሩት ጎረቤቶቻችን ከተማው ዳር ወጥተዋል። ደርሶ ባሕር ዳር ነው። እኔ እዚሁ ከተማ ማራኪ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ በዚያ ቤት የቀረችው እናቴ ብቻ ነበረች።

ባለፈው ክረምት ግቢው ውስጥ አንሸራትቷት ወደቀች። የወደቀችው ጠዋት ነው፤ ስልኳ አልነሣ ብሎኝ በሚኒባስ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ። ያን ሁሉ ሰዓት የመንገደኛ እግር እየሰማች፣ እየተጣራች ተኝታለች። ከበራችን ጎን ስልክ የሚጠግነው ልጅ ሲያያት ክው አለ። ሙዚቃ ከፍቶ ስለነበር አልሰማትም፤ ቤቱም ሰው ያለበት አልመሰለውም። ክፉ ልጅ አይደለም። ልቆጣውም አቅም አልነበረኝም፤ ደክሞኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ነይ እያልኩ ለመንኳት። ከሰፈሬ አልወጣም ብላ ስትከራከር ቆይታ ባለፈው ሳምንት እሽ አለች። ልብሷን ሳጣጥፍ ምሬቴ ገነፈለ፤ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው እንኳ ብቅ ብሎ አያይሽም ነበር ወይ አልኳት። እሷ በመስኮት ወደ መንገዱ እያየች ነበር።

«አትፍረጅባቸው ልጄ» አለችኝ። «ዱሮ አንድ የሚሮጥ ሲታይ ምነው፣ ምን መጣ ብሎ ሰው ይነሣል። አሁንማ ሁሉም ይሮጣል። ማን ለማን ይነሣ?»

ሻንጣዋን ይዤ ስወጣ ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀናል። እናቴ ደጁ ላይ ቆማ ሰላም የምትለው ሰው ትፈልጋለች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

«እማ፣ በይ ቶሎ በይ» አልኳት።