በወፍጮ ቤታችን ስም

ሰው ሁሉ “ወንድምሽን ከሰስሽው አሉ” ይለኛል። “እኔ ሳልሆን ማኅበሩ ነው የከሰሰው” ስል ደግሞ ጤንነቴን የሚጠራጠር ይመስላል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ለራሴ ለማስረዳት ብዙ ፈጅቶብኛል።

አባታችን ሲሞት ወደ ተበላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ወፍጮ ቤትና መጋዘኑን ትቶልን ነበር። ሦስት ልጆች ነን። ንብረቱ እንዳይከፋፈል ብለን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመን ሁሉንም በስሙ አደረግንና ታላቅ ወንድማችንን ሥራ አስኪያጅ አደረግነው። ማኅተሙ በኪሱ፣ ቁልፉ በእጁ ሆነ፤ ሌላ ሰው ቢይዘው እኛው ነበርን ቅር የሚለን። ኋላ መካከለኛዋ እህታችን ዐረፈች። ሁለቱ ሴት ልጆቿ እኔ ዘንድ መጡ፣ ድርሻዋም ወደ እነሱ ተላለፈ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ መጋዘኑን በሚስቱ ስም እንዳዞረው ማዘጋጃ ቤት ከሚሠራ ሰው ሰማሁ።

ምላሴ አያርፍም። ቤቱ ድረስ ሄጄ ለታላቅ ወንድም የማይባል ተናገርኩት፤ ተቆራረጥን።

ከዚያ ጊፋታ ደረሰ። በእኛ በወላይታዎች ዘንድ ቂም ይዞ አዲሱን ዓመት መሻገር ነውር ነው፤ የተጣላ ሁሉ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩልን። ተቃቅፈን አለቀስን፣ የበዓሉ ምግብ ሙቿ ቀርቦልን ከአንድ ገበታ በላን። ስለ መጋዘኑ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔስ ብሆን ወንድሜን አቅፌ እያለቀስኩ ስለ ቤት ካርታ በየት አፌ ልጠይቅ? ደግሞ ልቡ ከራራ በራሱ ጊዜ ይመልሰዋል ብዬ ነበር።

አልመለሰውም። እንዲያውም ወፍጮ ቤቱ ለገዛ መጋዘኑ ለወንድሜ ሚስት ኪራይ መክፈል ጀመረ። የእህቴ ልጆች ድርሻ እንዳይቀር ብዬ ጠበቃ ያዝኩ።

ጠበቃዬ ጉዳዩን ሰምታ፣ የተጎዳው ማኅበሩ ስለሆነ በራሴ ስም መክሰስ እንደማልችል ነገረችኝ። በማኅበሩ ስም ለመክሰስ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ማኅበሩ ራሱ እንዲከስ በጽሑፍ መጠየቅ አለብኝ። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ማን ነው? ወንድሜ። ስለዚህ ወንድሜን እንዲከስልኝ ለወንድሜ ደብዳቤ ጽፌ ወሰድኩለት። ቆሞ አነበበው። ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ቅጂው ላይ አሳረፈና ምሳ በልቼ እንድሄድ ለመነኝ። ተቀመጥኩ።

ለፈቃዱ ክርክር ስንቀርብ የእሱ ጠበቃ ካስታረቁን ሽማግሌዎች አንዱን ምስክር አድርጎ አመጣቸው። ይቅር ማለቴን በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። ሐሰት የለበትም። ጠበቃውም በእግዚአብሔር ፊት ይቅር ያለች ሴት አሁን ምን ይዛ ትከሳለች ብሎ ጠየቀ። የራሴን ጸሎት የሰረዝኩ መስሎኝ አፈርኩ፤ ሽማግሌውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ሽማግሌውን ጠየቁ።

“በዚያ ቀን ያስታረቁት ማንንና ማንን ነው?”

“ወንድምና እህትን።”

“ወፍጮ ቤቱንስ?”

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በዚያ ገበታ ላይ የእህቴን ልጆች ይቅር በሉ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። እኔ ይቅር ያልኩት የራሴን ቅያሜ ነው፤ የማኅበሩን ንብረት ግን ይቅር ልል አልችልም፤ ስለዚህ ክሱን እንዳቀርብ ተፈቅዷል ይላል። ጠበቃዬ ደስ ብሏት እጄን ጨበጠችው። እኔ እንደ ሐዘንተኛ ደርቄ ቀረሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቤ እንዲከለክሉኝ እለምን ነበር። ቢከለክሉኝ ለልጆቹ “ሞክሬ አልሆነም” እላቸዋለሁ፣ ወንድሜንም አላጣውም።

የችሎቱ በር ጠባብ ስለሆነ እሱና እኔ እኩል ደረስንበት። ከተወለድኩ ጀምሮ ከወንድሜ ጋር የተነጋገርነው በወላይትኛ ብቻ ነው፤ በመካከላችን አማርኛ ገብቶ አያውቅም። እሱ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀልኝና፣ ፊቴን ሳያይ፣ ቢሮ ለመጣ እንግዳ በሚነገር አማርኛ፣

“ይለፉ፣ ወይዘሮ” አለኝ።