ጊታርህን ይዘህ ና

ታላቅ ወንድሜ ደውሎ «ነገ በአውሮፕላን ና፤ ቲኬት ቆርጬልሃለሁ። ጊታርህንም ይዘህ ና» ሲለኝ፣ አባቴ ሞተዋል ብዬ ጠረጠርሁ።

ምክንያት ነበረኝ። እኛ አገር፣ ከቡሬ አለፍ ብሎ ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ባለው ገጠር፣ ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ልጅ በሰበብ ይጠራል። «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፤ «የመሬት ጉዳይ አለ» ይባላል፤ ቤቱ ሲደርስ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው መርዶውን ያረዱታል። የአውሮፕላን ቲኬት ደግሞ በእኛ ቤት ለቀልድ እንኳ ተነሥቶ አያውቅም። ወንድሜ ከረዳት ጋር ሳይከራከር ሚኒባስ የማይሳፈር ሰው ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ጊታሩ ነው። አባቴ ጊታሬን አይወዱትም። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ እራት ለሚበሉ ሰዎች እንደምጫወት ያውቃሉ፤ ጎረቤት ሲጠይቃቸው ግን «አንድ ሥራ ይዟል» ብለው ያልፉታል። ታዲያ ጊታር ለምን? እንዳልጠረጥር ነዋ። ጊታር ይዘህ ና ተብሎ ለለቅሶ የተጠራ ሰው የለም።

«አባየን አገናኘኝ» አልሁት።

«ተኝተዋል።»

እኩለ ቀን ነበር። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ በቀን ጎናቸውን ሲያሳርፉ አይቼ አላውቅም። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

በማግስቱ ጊታሩን በጠንካራው ሣጥኑ ከትቼ፣ ክሮቹን አላልቼ፣ አንገቱ ሥር ሹራብ ጠቅጥቄ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስሁ። ፈታሹ ሣጥኑን ከፈተ፣ የጊታሩን ሆድ በባትሪ አየ፣ ነቀነቀው፣ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ እኔን ተመለከተኝ።

«ትጫወታለህ?»

«አዎ።»

«እስቲ።»

የላሉትን ክሮች ነካሁ። የተሰነጠቀ ድስት የተመታ ይመስል ነበር። ፈታሹ ሣጥኑን እንደገና ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። አልፈረድሁበትም፤ እኔም ብሆን ራሴን አላምንም።

ሻንጣ የምትቀበለዋ ልጅ ደግሞ «ይህ ከላይ አይገባም፤ አውሮፕላኑ ትንሽ ነው። ከሥር ይጫናል» አለችኝ። ለመንኋት፤ አኮረፍሁ፤ እንደገና ለመንኋት። ብርጭቆ የተሣለበት፣ «ተሰባሪ» የሚል ወረቀት ለጥፋ «አይዞህ» አለችኝ። ያ ወረቀት እኔን እንጂ ጫኙን የሚመለከት አልመሰለኝም። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ታች ስመለከት፣ አንድ ጫኝ ሣጥኔን በሁለት እጁ አቅፎ ቀስ ብሎ አስገባው። ለምን እንዲህ ተጠነቀቀ ብዬ እሱንም ጠረጠርሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጋቢ የደረቡ፣ አነጋገራቸው የእኛው አገር የሆነ ትልቅ ሰው ነበሩ። ውኃቸውን አካፈሉኝ፤ ቀበቶዬን ስታገል አሰሩልኝ። መርዶ የሚጠብቀው ሰው ብቻውን አይላክም፤ ሳያውቅ አጃቢ ይደረግለታል። ወንድሜ እኚህን ሰውዬ አስቀምጦብኝ እንደሆነስ?

«የት አገር ሰው ነዎት?» አልኋቸው።

«የአዴት።»

«ወንድሜን ያውቁታል?»

«የትኛውን ወንድምኽን ልጄ?» አሉና ገረማቸው። አገራረማቸው አልጣመኝም። እስክናርፍ ድረስ በዓይኔ ጥግ ስጠብቃቸው ቆየሁ። ባሕር ዳር ስንወርድ የራሳቸውን ልጅ ስመው፣ እኔን ዞር ብለው ሳያዩ ሄዱ።

ጊታሩ ከሻንጣዎቹ ሁሉ መጨረሻ ወጣ። እዚያው መሬት ላይ አጋድሜ ከፈትሁት፤ ምንም አልሆነም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጫኙን እመርቀው ነበር፤ አሁን ግን ከበር ውጭ የቆመውን ወንድሜን ነበር የማየው። ኮፍያ አድርጓል። ወንድሜ ኮፍያ አድርጎ አያውቅም፤ በሐዘን ራሱን የተላጨ ሰው ነው የሚያደርገው። ሰላም ሳልለው ኮፍያውን ከራሱ ላይ ሞሸለቅሁት። ጸጉሩ እንዳለ ነው።

«ምን ነካህ? ፀሐይ እኮ ነው» አለ።

«አባየ ሞተዋል?»

«በሕይወት አሉ።»

«ማል።»

«አባየ ይሙቱ!» አለ። በልማድ የወጣ መሐላ ነው፤ ሁልጊዜም የምንምለው እንዲሁ ነው። ግን ከአፉ ሲወጣ ሁለታችንም ሰማነው። ወንድሜ ዓይኑን ጠረገ።

ከዚያ ነገረኝ። ሐኪሙ ካንሰሩ ጉበታቸው ላይ እንደተሠራጨ፣ ከዚህ በኋላ እቤታቸው ማረፍ እንደሚሻል ለእሱ ለብቻው ነግሮታል። ለአባቴና ለእናቴ የተነገረው «ጨጓራ ነው» ተብሎ ነው። «አንተ ያለ ምክንያት ከመጣህ ያውቁታል። ታውቃቸዋለህ አይደል፤ ከእኔና ካንተ የባሱ ተጠራጣሪ ናቸው። ባሕር ዳር ሥራ ነበረኝ፣ በዚያው ልያችሁ ብዬ ነው በል። ጊታሩን ያስያዝሁህ ለዚህ ነው።»

አለመሞታቸውን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ መኪናው ጋ ሳንደርስ አለቀ።

መንገዱን ሁሉ ውሸቴን ሳጠና ሄድሁ። ኬላ በደረስን ቁጥር ያ ረጅም ጥቁር ሣጥን ይወርዳል፣ ይከፈታል፣ ይንኳኳል። ዳንግላንና እንጅባራን አልፈን ቡሬ ስንደርስ መከራከሩን ትቼ ራሴ ቀድሜ እከፍተው ነበር። ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ «እንዳትንተባተብ» ይለኛል።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከቅዳሴ ገና መመለሷ ነው፤ ነጠላዋን አላወለቀችም። አባቴ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንዴት እንደከሱ ሳይ ደነገጥሁ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ፊቴን እንዳያዩት እዚያው አጎንብሼ ቆየሁ።

«ምን እግር ጣለኽ?» አሉኝ።

«ባሕር ዳር ሥራ ነበረኝ አባየ። በዚያው ልያችሁ ብዬ ነው።»

«ምን ሥራ?»

ወንድሜ ያስጠናኝ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነበር። ዓይኔ ጊታሩ ላይ ዐረፈና «ሠርግ» አልሁ።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «በሁዳዴ?»

እኔ የምጫወትበት ሆቴል ጾም የለውም፤ ወሩ ሁሉ አንድ ነው። እዚህ ግን ዐቢይ ጾም ከገባ ሙሽራ አይወጣም፣ ከበሮ አይመታም፤ አባቴማ ዘፈን ሲመጣ ሬድዮውን ያስዘጋሉ። እናቴ ውኃ ልትቀዳልኝ የያዘችው ጣሳ እጇ ላይ ቀረ። ወንድሜ መሬት መሬቱን ያያል።

«በአውሮፕላን ነው የመጣኸው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድሜን ረዘም አድርገው አዩት። አልተቆጡም። «ደጎች ናችሁ» አሉ። ቀጥለው በአገጫቸው ወደ ሣጥኑ ጠቆሙኝ። «አውጣው እስቲ፤ ምን ምን እንደሚል ልስማው።»

«ጾሙ ይፈታና ለፋሲካ እጫወትልዎታለሁ አባየ።»

«ተው» አሉኝ። «አሁን ይሁንልኝ።»

ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ። እኔ እናቴን አየኋት፤ «በጾም እንዴት ይሆናል» ብላ እንድትከለክለን ፈለግሁ። ያን ብትል እንደ ወትሮው ሁዳዴ ይሆን ነበር። እናቴ ጣሳውን አስቀመጠች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ሄዳ በሩን ገጠም አደረገችው፤ ተመልሳም ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«ጀምርላቸው እንግዲህ» አለችኝ።